የአያ ይማም ዋስትና

አያ ይማም በደብረ ታቦር ገበያ ዳር ኮርቻ የሚሰፉ ሽማግሌ ነበሩ። ስፌታቸውን ማንም አያማውም፤ የሚታሙት በሌላ ነው። እሳቸው ዘንድ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ጭንቀቱን በሆዱ ይዞ መቀመጥ አይችልም። ሞላ የሚባለው ሠራተኛ ከአማቱ ጋር ሲጣላ ለሽምግልና የሮጡት እሳቸው፣ የሌላው ልጅ ሲታመም ከይፋግ ድረስ መድኃኒት አዋቂ በበቅሎ ያስመጡት እሳቸው። «የተጨነቀ እጅ ስፌት ያጣምማል» ይላሉ፣ የሚያሳስባቸው ኮርቻው ብቻ እንዲመስል።

ሚስታቸው ሩቅያ ግን ሠላሳ ዓመት አብራቸው ኖራለችና አትታለልም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያለች ትስቅባቸዋለች። የእሳቸው ያረረ ድስት ሱረት፣ በአፍንጫ የሚሳበው ትንባሆ ነበር። ከመታጠቂያቸው ሥር የምትወጣ አንዲት ትንሽ ቀንድ አለች፤ ከእሷ አንድ ቁንጥር ካልሳቡ ቀኑ አይነጋላቸውም። ሲያነጥሱ ደግሞ ገበያ ውስጥ የታሰሩ በቅሎዎች ሁሉ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ሥራው በዛ። መኪና ያልደፈረውን ዳገት ሁሉ ስንቁን የሚያሻግረው በበቅሎ ስለነበር የጭነት ኮርቻ ያዛል፤ ትእዛዙም እምቢ የሚባል አልነበረም። የጭነት ኮርቻ ቆዳው ወፍራም፣ መሙያው ገለባ ነውና አያ ይማም ቤት የሚሰፋው ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። አንዱ በወስፌ በስቶ ጅማቱን ያሳልፋል፤ ሌላው ከወዲያ ተቀብሎ ይመልሳል። እንግዲህ የበሺው እጅ ከተንቀጠቀጠ የተቀባዩ ጣት ይደማል።

የሚንቀጠቀጠው የበላይነህ እጅ ነበር፤ ከሠራተኞቹ ሁሉ ሥራው የሚያምረው የእሱ። በላይነህ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ ብቻውን ተመለሰ። አሁን ደግሞ ወንድሙን ለገደሉት ሰዎች በቅሎ ኮርቻ ይሰፋል። ይህን እያሰበ በደህና ሊውል አልቻለምና ወይዘሮ የሺ አረቄ ቤት ይውል ጀመር። ሚስቱ ጌጤ ዓመት ሙሉ ታግሣ በመጨረሻ ገሳይ ከሚባለው አገር አባቷ ቤት ገባች። ሞላም ሦስት ጊዜ ከተወጋ በኋላ እሱ ፊት አልቀመጥም አለ። አመል ያወጣል ከመሐል ነውና ነገሩ፣ በላይነህ በወስፌው ብቻውን ቀረ።

ሌላ አሠሪ ቢሆን ያባርረው ነበር። አያ ይማም ግን ራሳቸው ፊቱ ተቀመጡ፤ ባንድ ሳምንት አራት ጣታቸው በጨርቅ ተጠቀለለ። እየደሙም ይመክሩታል። ጧት ማር ላስ፣ ማታ ውኃ ጠጣ፣ በየሺ ደጅ ስታልፍ ዓይንህን ጨፍን ይሉታል። በዕድሜያቸው አረቄ ቀምሰው የማያውቁ ሰው አረቄ ስለመተው ይህን ያህል ማወቃቸው ሠራተኛውን ሁሉ ይገርመዋል። ምክሩ አልይዝ ሲል በሚያዝያ ወር እጁን ይዘው ሁለት ቀን በእግር ተጉዘው ጣራ ገዳም አደረሱት። እሱ ሰባት ቀን ሊጠመቅ ገባ፤ እሳቸው ይፋግ ዘመድ ቤት አርፈው በስምንተኛው ቀን ሊወስዱት ወጡ።

አጥማቂው አዛውንት መነኩሴ አንድ ደንብ ነበራቸው። አረቄ አልጠጣም ብሎ የማለ ሰው ያለ ዋስ አይሰናበትም። ዋሱም የሚያስይዘው ከራሱ አመል ነው፤ ያ እንዳይጠጣ ይህም ይተዋል፣ አንዱ ካፈረሰ የሌላውም መሐላ ፈረሰ። መነኩሴው ዋሱ ማነው ብለው ገና ሳይጨርሱ አያ ይማም እኔ ነኝ አሉ። የሚጠየቁት በግ መስሏቸው ሁለት በግ፣ ካስፈለገም አዲስ ኮርቻ እሰጣለሁ ብለው ጨመሩ። መነኩሴው በአያ ይማም አፍንጫ ላይ የቀረውን ቡናማ ትቢያ ትክ ብለው አዩና፣ «ከመታጠቂያዎ ሥር ያለችውን» አሉ።

ከዚያ ወዲያ መከራው የበላይነህ አልነበረም። እሱ አሥር ቀን ያህል አላበው፣ እንቅልፍ አጣ፣ ከዚያ እጁ ረጋ። አያ ይማም ግን በቅሎ ይሰድባሉ፣ በደህናው ጅማት ይቆጣሉ፣ ባዶዋን ቀንድ አውጥተው አሽትተው ይመልሷታል። ሩቅያ ወይ ይሳቡ ወይ ከቤት ይውጡ ብላ ዱዓ አደረገች። ሠራተኞቹም በላይነህ ታመመና አያ ይማም ተጠመቁ እያሉ ይሳሳቃሉ። ከገሳይ ግን ደግ ወሬ መጣ። ጌጤ እስከ ሰኔ ሚካኤል ካልጠጣ ቤቴ እገባለሁ ብላ ላከች።

በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው አያ ይማም ቆዳ ሊገዙ ገሳይ ሄደው በማግስቱ ረፋድ ላይ ተመለሱ። ፊታቸው በርቷል፤ በቅሎም አልሰደቡም። ከበላይነህ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጅማቱን ተቀበሉ። ወዲያው አፍንጫቸውን ያዙ፤ ዞር አሉ፤ ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ አልሆነም። ሲያነጥሱ የገበያው በቅሎዎች ጆሯቸውን አቆሙ።

በላይነህ ወስፌውን አስቀመጠ። ተነሥቶ ወደ የሺ ቤት በሚወስደው መንገድ ወጣ።

አያ ይማም አፈሩ። እሮጥና እመልሰዋለሁ ብለው ተነሡ፤ በምን አፌ ብለው ተቀመጡ። ጌጤ ጓዟን ስታሰናዳ በዓይናቸው መጣችባቸው። የሰው ትዳር በአንድ ቁንጥር ትንባሆ ለወጥሁ ብለው በራሳቸው አዘኑ። ሩቅያ ከጓዳ ወጥታ አየቻቸው፤ የምታውቀውን ተረት ግን ያን ቀን አልተረተችባቸውም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ በላይነህ ተመለሰ። ፊቱን ታጥቧል፤ አረቄም አይሸትም። እቦታው ተቀምጦ እጁን ዘረጋ።

«ቀንዲቱን ያምጡ፣ አያ ይማም።»

ሰጡት። በመታጠቂያው ሸጉጦ አጥብቆ አሰራት።

«የሺ ደጅ ደርሻለሁ» አለ። «መግባትም አላቃተኝም ነበር። ግን አንቱ ለኔ አራት ጣት ሲደሙ አንድ ቀን ቂም አልያዙብኝም። እንግዲህ ዋስዎ እኔ ነኝ፤ አረቄዬን አስይዣለሁ። ከዛሬ ወዲያ አንቱ ሲስቡ እኔ እጠጣለሁ።»

ለሰው ሁሉ ምክር የማያጡት አያ ይማም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና የዛሬውን መብሳት ለኔ ተወው ብለው ወስፌውን አነሡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በላይነህም ከቆዳው ወዲያ ጣቱን ሳያሸሽ ጠበቃቸው።