«ቁሚ እስክንልሽ»

ነገሩ የሆነው ካቻምና ክረምት ነው፤ እዚሁ ጋምቤላ። ሲያልፍ ያስቃል ይባላል። ይሄኛው ግን እኔን አላሳቀኝም፤ እስከ ዛሬ የውሃ ድምፅ ስሰማ እግሬን አላምነውም።

ያኔ ፕሮግራሚንግ ለመማር አንድ ማሠልጠኛ ገና መመዝገቤ ነበር። አባቴ ባለሱቅ ነው፤ «ኮምፒውተር ማዘዝ የሚችል ሰው እንጀራ አያጣም» ብሎ ነው የላከኝ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እንዳለን መብራት ጠፋ። ለእኛ ከተማ ብርቅ አይደለም። ከጅማ የመጡት ወጣቱ መምህራችን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ባሮ ወንዝ ዳር ካለው ማንጎ ሥር ይዘውን ወጡ። ኮምፒውተር ያላዘዙትን እንደማያደርግ፣ ያዘዙትንም ለምን ብሎ እንደማይጠይቅ ሊያሳዩን ፈልገው ነው። በየቡድኑ አንድ ሰው ዓይኑን ታስሮ ኮምፒውተር ይሆናል፤ ሌሎቹ ያዝዙታል። በእኛ ቡድን ኮምፒውተሯ እኔ ሆንኩ። በራሴው ሻርፕ አሰሩኝ።

አዛዣችን ኦጁሉ የሚባል ልጅ ነበር። «ቁሚ እስክንልሽ ወደ ፊት ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ። ወዲያው ከኋላዬ ክርክር ተነሳ። አንዷ ቀጣዩ ትእዛዝ ወደ ግራ ነው ትላለች፣ ኦጁሉ የለም ወደ ቀኝ ነው ይላል። በአማርኛ የጀመሩትን በአኙዋክኛ ቀጠሉት፤ እኔን ረሱኝ። መምህሩም ከሌላው ቡድን ጋር ነበሩ።

ድምፃቸው እየራቀ ሄደ። ሣሩ አለቀና ጭቃ ረገጥኩ። ከዚያ ወንዙ ተሰማኝ። በክረምት ባሮ ሞልቶ ዳሩን ቦርቡሮ ገደል ያደርገዋል፤ አዞውም አለ። የጋምቤላ ልጅ ነኝ፣ ይህን አላውቅም አልልም። ፈርቼ ነበር። እግሬ ግን መሄዱን አልተወም።

ድንገት አንድ ሰው ክንዴን ጨምድዶ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ሻርፑን ሳወርድ አንድ እግሬ ጫፉ ላይ ነው፤ አፈሩ ከሥሩ እየተናደ ውሃው ውስጥ ይገባል። የያዙኝ እዚያ ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ውሃ አልሰማሽም?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ለምን አልቆምሽም?»

«ቁሚ አላሉኝም» አልኳቸው።

ክንዴን ለቀቁት። ከዚያም ራቅ ብለው ቆሙ። ያዳኑኝ ሰው ፈሩኝ። እኔም ያኔ ነው ራሴን የፈራሁት።

አሁን እዚያው ማሠልጠኛ ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ያን ጨዋታ ከወንዝ አርቄ አጫውታቸዋለሁ፤ እሱን ያህል ቶሎ የሚገባቸው ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ከመጀመራችን በፊት ኮምፒውተር የሚሆነውን ተማሪ ለብቻው ጠርቼ፣ አደጋ ከመሰለህ ትእዛዙን ተወውና ቁም እለዋለሁ። ሁሉም እሺ ይላሉ።

መምህሬም ያን ቀን ይህንኑ ነግረውኝ ነበር። እሺ ብያቸው ነበር።