ካፒታላችንን ሶፋ አደረግኩት

ባለፈው ማክሰኞ ሰመራ ላይ፣ ሁለት ኤሲ እየነፋብኝ ላብ አጠመቀኝ...

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የአካውንቲንግ አስተማሪ ነኝ። ሎጊያ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጠው ወሎዬው ጓደኛዬ ሙሐመድ ጋር አክሲዮን የሚያገበያይ ድርጅት ልንከፍት ተነሳን። «ኢሱዙዬን በካፒታልነት ላስገባት?» ሲለኝ መነጽሬን አስተካክዬ ሳቅኩበት።

«መኪና አይቆጠርም ወንድሜ! የሚፈለገው የተጣራ ካፒታል ነው። ዕዳ ተቀንሶ፣ ቶሎ ወደ ብር የማይቀየረው ንብረትም ተቀንሶ የሚተርፈው። ደንበኛ ገንዘቤን ሲልህ የኢሱዙ ጎማ ፈተህ ልትሰጠው ነው?»

አመነኝና ሸጣት። ያቺን መኪና ከልጆቹ እኩል ነበር የሚወዳት... ብሩንም «አንተ ታውቃለህ» ብሎ እጄ ላይ አደረገው።

እኔ ደግሞ ሥራ አስኪያጅ ሆኛለኋ! ሰው እንዲያምነን ቢሮው ማማር አለበት አልኩ። ኤሲ ገዛሁ። ጄኔሬተር ገዛሁ። የሁለት ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ከፈልኩ። ይባስ ብዬ የቆዳ ሶፋ... በሰመራ ሙቀት የቆዳ ሶፋ!

ማክሰኞ ዕለት የፈቃድ ማመልከቻችንን የምታይልን አማካሪ፣ ሄለን፣ ከአዲስ አበባ መጣች። ሙሐመድም ባለበት ደረቴን ነፍቼ ቢሮውን አስጎበኘኋት። ቁጭ ብላ ደረሰኞቹን አገላበጠች።

«ይሄ ሶፋ ይቀነሳል» አለች።

«የቆዳ ነው እኮ!»

«የቆዳም ቢሆን።»

«ኤሲውስ?»

«ይቀነሳል።»

«ጄኔሬተሩ ግን አዲስ...»

«እሱም። በቅድሚያ የከፈላችሁት ኪራይም አይቆጠርም። የቀረው ብር የሚጠየቀውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚህ ፈቃድ አታገኙም።»

በየዓመቱ ተማሪዎቼን የማስጨንቅበት ትምህርት እኮ ነው! ብር እጄ ሲገባ ግን ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። ሙሐመድን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«መምህር» አለኝ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ። «እኔ ኢሱዙዬን ብር አደረግኩልህ፤ አንተ ብሩን ሶፋ አደረግከው። ኢሱዙዋ ብትሆን ወላሂ ቢያንስ ሎጊያ ታደርሰኝ ነበር!»

ይጮህብኛል ስል ሳቀ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ በጣም አፈርኩ።

«አብሽር፣ ና ቁጭ በል» አለኝ ሶፋውን መታ መታ እያደረገ። «ካፒታላችን ነው።»

ሰመራና ሎጊያ አካባቢ የቆዳ ሶፋ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ... ቶሎ ወደ ብር መቀየር አለበት።