መብራት አጥፊዋ

የጠመንጃ መነጽር የሚሸጥበትና የሚጠገንበት ያ ጠባብ ሱቅ የእህትና የወንድም ነው። ወንድሟ ከፊት ቆሞ ይሸጣል፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ትፈታለች፣ ትጠርጋለች፣ ትገጥማለች። ሰፈሩ የሚያውቃት ግን «መብራት አጥፊዋ» በሚል ስም ነው። መነጽር መራጭ በመጣ ቁጥር ብቅ ትልና፣ እንደምን ዋልክ እንኳ ሳትል፣ የሱቁን መብራት ድርግም ታደርገዋለች። ለማያውቃት ሰው፣ ቆጣሪው እንዳይቆጥርባት የምትሳሳ ቋጣሪ ትመስላለች።

እሷ በስሟ ትኮራለች። ለምንስ አትኮራ! አመሻሽ ላይ የሚያድን ሰው መነጽሩን በደማቅ መብራት ሲመርጥ፣ ጫማውን እጁ ላይ ለክቶ እንደገዛ ትቆጥረዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡ። የበቆሎ እርሻ ጠባቂ ናቸው፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወጥቶ እርሻውን የሚያወድመውን ከርከሮ በፈቃድ ያድናሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንድ ጥይቱ» ሲባሉ ኖረዋል። ባለፈው ሳምንት ግን ያቺ አንዷ ጥይት ቦታዋን ሳተች። ከርከሮው ቆስሎ አመለጠ፤ በማግስቱ ሲያነክስ ተገኘ። የእርሻው ኃላፊም «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከተደገመ ጠመንጃውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» አላቸው።

ወንድሟ ይህን እንደሰማ ካለው ሁሉ ውዱን መነጽር አወረደ። ማነጣጠሪያ መስመሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ዳር እስከ ዳር ቁጥር ተደርድሮባቸዋል።

«የእህቴ ባልም የያዘው ይሄንኑ ነው» አሉ ሽማግሌው። በመስኮቱ አሻግረው የፊት ለፊቱን ሱቅ ማስታወቂያ አዩበት። «ወይ ጉድ! ቁልጭ ያለ ነው!»

ድርግም! መብራቱ ጠፋ።

«ደሞ ጀመረሽ?» አለ ወንድሟ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ዓይንዎ ይልመድ።» የመስኮቱን መዝጊያ ገርበብ አድርጋ፣ የምሽት መጀመሪያ የሚያህል ብርሃን ብቻ አስቀረች። ከሱቁ ወደ ጓሮ በሚዘልቀው ረጅም ኮሪደር ጫፍ ላይ የሟች አባቷ ጥቁር ካፖርት ተሰቅሏል፤ የእሷ ከርከሮ እሱ ነው። «አሁን የካፖርቱ ሁለተኛ ቁልፍ ላይ ያነጣጥሩ።»

ሽማግሌው አነጣጠሩ። «ካፖርቱ ይታየኛል። መስመሩ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ጥቁር ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ማን ያያል?»

ሽማግሌው መነጽሩን ከዓይናቸው አወረዱ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አሮጌው መነጽሬ ተሰብሮ በቅርቡ የገዛሁትም እንዲህ ቀጭን ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔ የከዳኝ መስሎኝ... ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም።»

ወንድሟ ግን አሁንም እጅ አልሰጠም፤ መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ የሚበራውን አቀበላቸው። እስከ መጨረሻው ሲበራ ነጥቡ ዓይናቸው ላይ ቦግ አለ፤ ካፖርቱ ከነቁልፉ ጠፋ።

«ብርሃኑ ሲቀነስ ደህና ነው፤ አልዋሽም» አለች። «ግን እርስዎ መቀነሻውን ሲዳብሱ ከርከሮው እስኪጨርሱ አይጠብቅዎትም።»

ከታችኛው መደርደሪያ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን፣ አቧራ የጠጣውን አወጣች። ከግራ፣ ከቀኝና ከታች ሦስት ወፋፍራም መስመሮች ወደ መሃል ይመጣሉ፤ የሚቀጥኑት መሃሉ ላይ ብቻ ነው። «መሃሉ ቢደበዝዝብዎ እንኳ ወፍራሞቹ መንገዱን ያሳዩዎታል» አለች።

ሽማግሌው ተቀብለው ወደ ካፖርቱ አዩበት።

«ሁለተኛው ቁልፍ» አሉ በመጨረሻ፤ «ክሩ ላልቷል።»

እውነታቸውን ነው፤ ላልቷል። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ልትሰፋው እያሰበች ሳትሰፋው ቀርታለች።

ሽማግሌው ያንኑ ገዝተው ከሄዱ አሥር ቀን አለፈ። አመሻሽ ላይ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ብሎን እያጠበቀች ሳለ ሱቁ ድርግም አለ።

«ማነው እሱ?» ብላ ወጣች።

ሽማግሌው ናቸው፤ እጃቸው ገና ከማጥፊያው ላይ አልወረደም። አጠገባቸው የእህታቸው ባል ያንን ውድ መነጽሩን ይዞ ቆሟል።

«አንድ ጥይት፣ ልጄ!» አሉ። «ከርከሮው ካለበት ንቅንቅ አላለም። ኃላፊው ራሱ መጥቶ ጨበጠኝ።»

ኩራት ደረቷን ነፋው። ወንድሟ እየሳቀ ወደ ማብሪያው እጁን ዘረጋ።

«እንዳትነካው!» አሉ ሽማግሌው። ወደ እህታቸው ባል ዞሩ። «አንተ፣ ታገስ፤ ዓይንህ ይልመድ። ያውልህ ካፖርቱ።»

ሰውየው ውዱን መነጽሩን ወደ ዓይኑ አነሳ። ቆይቶ የሰውየው ድምፅ ከጨለማው ውስጥ መጣ።

«መስመሩ የት ሄደ?»