በስልክ ያልነገርኩት መርዶ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በአውሮፓውያኑ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ፣ በአንድ ቀዝቃዛ ጥር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር እስከ ዛሬ ለማንሳት አመነታለሁ። በዚያ ጥር በገዛ አፌ አንዲት ሴት የእህቷን ቀብር እንዳታገኝ አድርጌአለሁ። ክፋት አስቤ አልነበረም። ይህን የምለው ለመጽናኛ አይደለም፤ ክፋት አስቤ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ያኔ ጠዋት ጠዋት ፌኸንሃይም አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽግ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኖርድቬስትሽታት፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ ባልና ሚስት ቤት አጸዳለሁ። ባልየው ሄር ኩርት ፋብሪካ ውስጥ ፎርማን የነበሩ፣ ዝምተኛ፣ እጃቸው ሥራ ካጣ የሚታመሙ ሰው ናቸው። ሚስትየዋ ፍራው ኤርና ይባላሉ፤ ሄር እንደኛ አቶ፣ ፍራው እንደ ወይዘሮ ነው። በሦስተኛው ዓመታችን “ማርታ፣ አንቺ በይኝ” አሉኝ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ስለሆኑ አፌ እምቢ አለ። እሳቸው አንቺ እያሉኝ፣ እኔ እርስዎ እያልኳቸው ቀጠልን።

ሄር ኩርት ጡረታ እንደወጡ አንዲት ያገለገለች የሞተር ጀልባ ገዙ። ጀልባዋ የምትቆመው በደቡብ ፈረንሳይ አንድ ትንሽ ወደብ ላይ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ሁለቱ በመኪና ይወርዳሉ። ከዚያ የብርዱን ወራት ሙሉ የባሕሩን ዳርቻ ጥግ ጥጉን ይዘው፣ ከወደብ ወደብ እያሉ፣ ጣልያን ድረስ ይሄዳሉ። ባሕሩ ሲቆጣ አንዱ ወደብ ላይ ታስረው ሳምንት ይቀመጣሉ። የእኛ ሰው ጡረታ ወጥቶ፣ ቤቱ እያለለት፣ በብርድ ውኃ ላይ ሲንከራተት አስቡት! ንስሐ ተሰጥቶት ነው ይባል ነበር። እኔ ግን ፎቶግራፋቸውን ሳይ “ታድለው” ነበር የምለው።

ፍራው ኤርና አንድ ታላቅ እህት ነበሯቸው፤ ፍሮይላይን ሄድቪግ፣ ወይዘሪት እንደ ማለት። ጻይልስሃይም፣ አሮጌው መንደር ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አላገቡም፣ አልወለዱም፣ ልባቸውም ደካማ ነበር። እህትማማቾቹ ከእርስ በርስ በቀር ዘመድ የላቸውም። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ወደ ባሕር ሲወርዱ ሁለት አደራ ይጥሉብኛል። አንዱ፣ ረቡዕ ረቡዕ ፍሮይላይን ሄድቪግን መጠየቅ ነው። ሌላው፣ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ዘጠነኛው ፎቅ ወጥቼ ስልኩ አጠገብ መቀመጥ ነው።

ጀልባዋ ላይ ስልክ አልነበረም። ፍራው ኤርና ከወደብ፣ ከመንገድ ስልክ ነው የሚደውሉት። የመጣውን ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ። ስለ አበባዎቻቸው ይጠይቁኛል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ “ሄድቪግ እንዴት ናት?” ይላሉ፤ እህታቸው ራሳቸው በስልክ ደህና ነኝ ከማለት በቀር ስለማይነግሯቸው ከእኔ መስማት ይመርጣሉ።

እውነቱን ለመናገር በሆዴ እታዘባቸው ነበር። የታመመች እህት ለጽዳት ሠራተኛ ጥሎ ጀልባ ላይ መንሸራሸር! እኔ ብሆን፣ እል ነበር። ሰው “እኔ ብሆን” ማለት ሲያበዛ አንድ ነገር እየጠበቀው ነው።

በጥር አንድ ረቡዕ የዶሮ ሾርባ በዕቃ ይዤ ጻይልስሃይም ደረስኩ። የፍሮይላይን ሄድቪግ ጎረቤት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ማታ አምቡላንስ ወስዷቸው ሲነጋ ሆስፒታል ውስጥ ማረፋቸውን ነገረችኝ። ሾርባውን ምን እንደማደርገው ጠፍቶኝ ለእሷው ሰጠኋት።

ፍሮይላይን ሄድቪግ ሁሉን አስቀድመው ጨርሰዋል። ሣጥኑን፣ ቦታውን፣ አበባውን ሳይቀር መርጠው ከቀብር አስፈጻሚው ጋር ተዋውለዋል። የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር። አስፈጻሚው በማግስቱ ጎረቤቷ ቤት መጥቶ “የሚቀጥለው ሐሙስ ይሁን” አለ። “ለእህትየዋስ ማን ያሳውቃል?” ሲል ጎረቤቷ ወደ እኔ አየች።

“እሑድ ይደውላሉ” አልኩ። “እኔ እነግራቸዋለሁ።”

ከዚያ እስከ እሑድ እህል አልወረደልኝም። ጨንቆኝ ወይዘሮ ለተብርሃን ጋ ሄድኩ። አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ፍራንክፈርት ሃያ ዓመት የቆዩ፣ የብዙዎቻችንን መርዶ ያረዱ ሴት ናቸው።

“ዋይ ጓለይ፣ ልጄ! በቴሌፎን?” አሉኝ። “ሴትዮዋ በሰው አገር፣ ብቻዋን መንገድ ላይ ቆማ? ወድቃ ብትቀርስ? ደግሞ ነገ ተነገ ወዲያ ባሕር ላይ ናቸው እያልሽኝ! ተይ። ቤቷ ስትገባ፣ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገራት።”

“ቀብሩስ፣ እትዬ?”

“እኛ እንቀብራለን። እኛ ሰው አይደለንም?”

ትክክል ናቸው አልኩ። እንዲያውም ሸክሜ ቀለለኝ። እኛ ዘንድ ሰው መርዶ ሲመጣበት ይከበባል፤ የሚደግፈው ይዘጋጃል፤ ከዚያ ነው የሚነገረው። ፍራው ኤርና የኔ ሰው ናቸው፤ እንደ ሰው ይረዳሉ አልኩ።

እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ከፍራው ኤርና ድምፅ ጀርባ ነፋስ ይሰማል። ሄር ኩርት ነዳጅ እየቀዱ ነው፣ ባሕሩ ከተረጋጋ ነገ እንነሳለን አሉኝ። ደብዳቤም አበባም አልጠየቁም።

“ሄድቪግ እንዴት ናት?”

“ትንሽ አሟቸዋል” አልኩ። “ጉንፋን ቢጤ ነው። ቢመጡ ግን ደስ ይላቸዋል።”

የእኛ ሰው እንዲህ ቢባል ስልኩን ጥሎ ሻንጣውን ያነሳል። “ትንሽ አሟታልና ና” ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እሳቸው ግን ቃሉን እንዳለ ወሰዱት።

“ከበድ ያለ ነው?” አሉ። “ማርታ፣ ልምጣ?”

እውነቱን መናገሪያው ቦታ እዚህ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ።

“አይ፣ የሚያስጨንቅ አይደለም” አልኩ። “አይዞዎት።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

ደህና ሁኚም ሳይሉ ስልኩን ዘጉት። እኔም “ምን ዓይነት ድንጋይ ልብ ነው!” ብዬ ታዘብኳቸው። እህቷ ታማለች እየተባለ ጀልባዋን መተው ያቃታት ሴት! ውሸታሟ እኔ፣ ታዛቢዋም እኔ።

ሰኞ አስፈጻሚው ደወለልኝ። “ለቤተሰብ ተነገረ?” አለኝ። ይህ ሰው ቢያውቅ ኖሮ ቀኑን ይገፋው ነበር፤ ወይም በወደቡ ጽሕፈት ቤት በኩል እንዲፈለጉ ያደርግ ነበር። እኔ ግን “ነግሬአቸዋለሁ፤ መምጣት አይችሉም፤ ይቀበሩ ብለዋል” አልኩት። የእሑዱን ወግ ነው ብል ያስኬዳል። የሰኞው ግን ወግም ባህልም አይደለም፤ የለየለት ውሸት ነው። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።

ሐሙስ ቀበርናቸው። ጎረቤቷ፣ ሁለት አሮጊቶች፣ ፓስተሩ፣ ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ከአዲስ አበባ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ያረጁት አቶ ሽፈራውና እኔ ነበርን። ወይዘሮ ለተብርሃን በሕይወታቸው አይተዋቸው ለማያውቁት ፍሮይላይን ሄድቪግ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ፓስተሩ ደንግጠው ንባባቸውን አቋረጡ። ስንመለስ ኩራት ተሰማኝ። እኛ ባንኖር ማን ያለቅስላቸው ነበር አልኩ። አሁን ያን ኩራት ሳስበው የምገባበት ይጠፋኛል።

በሚቀጥለው እሑድ ዘጠነኛው ፎቅ ተቀምጬ ስልኩ ሲጮህ አላነሳሁትም። አሥራ አራት ጊዜ ጮኸ። በሳምንቱ ጭራሽ አልሄድኩም። ከዚያ ካርድ መጣ፤ በፍራው ኤርና እጅ ጽሑፍ፦ “ስልክ ስለማታነሺ ሰግተናል። ሄድቪግም አታነሳም። ቅዳሜ ማታ እንገባለን።” ወረቀት ቀድሞ እንዳይነግራቸው ከአስፈጻሚው ወደ ቤታቸው የመጣውን ደብዳቤ በቦርሳዬ ከተትኩ።

እሑድ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራቸውን ደወልን። ወይዘሮ ለተብርሃን ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አቶ ሽፈራው ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ጀርመን አገር እሑድ በዚያ ሰዓት በር የሚደውል ወይ ፖሊስ ነው ወይ እብድ። ሄር ኩርት በፒጃማ ከፈቱ። ሃይማኖት ሰባኪዎች መስለናቸው “አመሰግናለሁ፣ አንፈልግም” ብለው ሊዘጉ ሲሉ ከኋላ አዩኝ። ፍራው ኤርናም ጋቢ የመሰለ የቤት ካፖርታቸውን እየደረቡ ወጡ።

አቶ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እንግዲህ እመቤቴ፣ ሰው ሆኖ ከዚህ የሚቀር የለም፤ ነገሥታቱም አልቀሩም…” ብለው በጥሩ ጀርመንኛ ጀመሩ። መግቢያው ረጅም ነው፤ አውቀዋለሁ። ፍራው ኤርና እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

“ሄድቪግ?”

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

“መቼ?”

“በጥር።”

“በጥር መቼ?”

“እሑድ ከመደወልዎ በፊት። ረቡዕ ዕለት።”

“ጉንፋን ነው ካልሽኝ እሑድ በፊት?”

“በደንብ ነው የተቀበሩት” አልኩ። “ሁላችንም ነበርን፤ አልቅሰንላቸዋል…”

“ተቀብራለች” አሉ ፍራው ኤርና፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ወይዘሮ ለተብርሃን ሊያቅፏቸው እጃቸውን ዘረጉ። ፍራው ኤርና ወደ ኋላ ሸሹ።

“የቤቴን ቁልፍ” አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ደብዳቤውንም ሰጠኋቸው። በሩን በቀስታ ዘጉት። ቢያላትሙት በተሻለኝ። አሳንሰሩ ውስጥ አቶ ሽፈራው “ምን አጠፋን?” አሉ። ወይዘሮ ለተብርሃን ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት እስከ ኅዳር ቆየ። አንድ ቀን በፍሮይላይን ሄድቪግ መቃብር ላይ አበባ ላስቀምጥ ስሄድ ፍራው ኤርና ብቻቸውን ቅጠል ይጠርጋሉ። ከስተዋል። ልመለስ ስል አዩኝ።

“ነይ” አሉኝ። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን እሑድ ስደውል ሄድቪግ የት ነበረች?”

“ሆስፒታል። ሬሳ ክፍል።”

“ብመጣ አያት ነበር?”

“ያዩ ነበር። አራት ቀን ነበረዎት።”

መጥረጊያቸውን ተደገፉ። ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

“ያቺን ጀልባ እጠላታለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የምጠላት። ኩርት አርባ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ሆኖ የተመኛት ስለሆነች ዝም አልኩ። እሑድ እሑድ የምደውልልሽ ለአበባዎቹ መሰለሽ? ወደ ቤቴ የምመለስበት ምክንያት ፍለጋ ነበር። ያን ቀን ከኩርት ጋር ተጣልቼ፣ ሻንጣዬ እግሬ ሥር ነበር። ልምጣ ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ እኮ፣ ማርታ።”

ስለ መርዶ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። በአገራችን እንዲህ ነው፣ ለእርስዎ አስቤ ነው ልል። ግን ተውኩት፤ እውነት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ወይዘሮ ለተብርሃን አስበውላቸው ይሆናል። እኔ ፈርቼ ነው። በስልክ የምታለቅስ ሴት ብቻዬን መስማት ፈርቼ፣ ወጉ ጥሩ መደበቂያ ሆነልኝ። ልበ ድንጋይ መስለውኝ የታዘብኳቸው ሴት፣ እህታቸው ጋ ለመምጣት ሻንጣ ይዘው በነፋስ ቆመው ኖሯል።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኳቸው።

“ይቅርታ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ” አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላሉም። ሻማቸውን አብርተው፣ መጥረጊያቸውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። አሁን በሕይወት ያሉም አይመስለኝም፤ የሚነግረኝ ሰው የለኝም።

እኔ ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። የአገሬ ልጆች መርዶ ሲኖር ከእኔ ይደብቃሉ፤ አፏ አያርፍም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ባለፈው ዓመት የአንዲት ወዳጄ ወንድም ለንደን ውስጥ አረፈ። ቀብሩ ቅዳሜ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ለእሷ ቅዳሜ ማለዳ ሊነግሯት ተቀጣጥረዋል፤ ደርሳ ምን ልትፈይድ ብለው። እኔ ሐሙስ ዕለት ሥራ ቦታዋ ደወልኩና ነገርኳት። ጮኸች። ለቅሶዋን እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ፤ ስልኩን አልዘጋሁም። በማግስቱ አውሮፕላን ተሳፈረች።

እስከ ዛሬ አታናግረኝም። “እንደ ሐኪም ቤት ወረቀት አነበበችልኝ፤ ጨካኝ ናት” ትላለች አሉ። ትበለኝ። ወንድሟን ቀብራለች።