ግንባሯን የማትሸፍነው ሹሩባ ሠሪ

ሹሩባ ሠሪዋን ያየ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግንባሯ ላይ ነው። ከጆሮዋ በላይ ግራና ቀኙን፣ ሦስት ጣት የሚያህል ቦታ ላይ ፀጉር የሚባል የለም፤ ቆዳው እንደ ተወለወለ ሳህን ያበራል። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከኋላዋ «መላጣዋ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች። አንድ ቀን የቤቱን ስልክ አንስታ «አቤት፣ መላጣዋ ነኝ፤ ማንን ልጥራልዎት?» ስትል የሰማው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ሐሜቱ ጣዕም አጣ።

ፀጉሯ የሄደው በአንድ ቀን አይደለም። ልጅ እያለች የምትሠራት አክስቷ ነበረች። አክስት እጀ ብርቱ ናት፤ የሷ ሹሩባ ሁለት ወር ንቅንቅ አይልም እየተባለ ጎረቤቱ ይመሰክርላት ነበር። ልጅቷ ግን በተሠራች ማግስት ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቦ፣ ሳቅ እንኳ እያመማት ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ስታለቅስ «ቻይው፣ ነገ ይለቅሻል» ትባላለች። ቻለችው። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላት የግንባሯ ዳር መሳሳት ጀመረ። እሱን ልሸፍን ብላ ሰው ሠራሽ ፀጉር እያስጨመረች፣ ጭራሽ አጥብቃ መሠራት ያዘች። በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ሐኪሟ በመብራት አየቻትና «ሥሩ ጠባሳ ሆኗል። ቀደም ብለሽ መጥተሽ ቢሆን ይመለስ ነበር» አለቻት።

ሌላ ሰው ቢሆን ሙያውን ጥሎ ይሄድ ነበር። እሷ እልህ ያዛት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ ስትቀመጥላት መጀመሪያ የራስ ቆዳዋን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ታያለች። ቁስል ካለ አትሠራም፤ ሄደሽ ታከሚ ትላለች። ከሌለ በመርጫ ውሃ ታረጥባለች፣ ከሥሩ ስትነሣ እጇን ቀለል ታደርጋለች፣ ስትጨርስ በሹሩባው መሃል ባለው በየፈሩ ላይ በጣቷ ጫፍ ትንሽ ዘይት ታስኬዳለች። «ዘይት ብቻውን አያረጥብም» ትላለች። «መጀመሪያ ውሃው፤ ዘይቱ ውሃው እንዳይሄድ በር ጠባቂ ነው። ሹሩባ ተሠራሁ ብለሽ መታጠብ እንዳትተዪ። ስትተኚ ራስሽን በለስላሳ ሻሽ እሰሪ። በስድስት ሳምንቱ ደግሞ ፍቺው፤ ራስሽም ዕረፍት ይፈልጋል።»

የፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም «ማዳም» የሚሏቸው፣ ይህ ሁሉ ስብከት አይጥማቸውም።

«ፀጉር የሌላት ፀጉር ሠሪ! ደንበኛ ምን ይለናል? ኧረ ቢያንስ ሸፈን አድርጊው።»

«ማዳም፣ እርስዎ ዲፕሎማዎን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። የኔ ይኸው ግንባሬ ላይ ነው።»

ነገሩ የፈነዳው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች፤ የትምህርት ቤት ፎቶ አለባት፣ ጥብቅ ተደርጎ ይሠራልኝ አለች። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ስትወጣ፣ ገና ማንም ሳይነካት የወንበሩን እጀታ ጨምድዳ ያዘች። ሹሩባ ሠሪዋ ፀጉሯን ገለጥ አደረገች። ከግንባሯ ዳር ዳር መግል የቋጠሩ ነጫጭ ብጉሮች ተደርድረዋል።

«እህቴ፣ ይቺ ልጅ ዛሬ አትሠራም።»

«ምን ሆና?»

«ቆስላለች። ያለፈው ሹሩባ ነው ያቆሰላት።»

«የሷ ቆዳ ስስ ነው፣ ሁሌም እንዲህ ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ሥሪ።»

ማዳም ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ አጠገብ ሆነው ሰሙ። «ሌላ ሰው ይሥራት! አንቺ ዞር በይ!» አሉ። ከሌሎቹ ሁለት ሠራተኞች አንዷ ሚዶዋን ይዛ መጣች። ሹሩባ ሠሪዋ ግን ከወንበሩ ኋላ ንቅንቅ አላለችም። ዝቅ አለችና የእናትየውን እጅ ይዛ የገዛ ግንባሯ ላይ፣ ያ የሚያበራው ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«ይንኩት፣ አይፍሩ። እኔም ሰባት ዓመቴ ነበር። የኔንም ቆዳዋ ስስ ነው ይሉ ነበር።»

እናትየው እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች። ፊቷ ቀላ። ልጇን ከወንበሩ አውርዳ፣ በሩን አጋጭታ ወጣች። ተመልሳም አልመጣችም። ልጅቷ ግን ያን ቀን አልተሠራችም።

ማዳም ቁጣቸው ሲበርድ ፈረዱ፤ ከሰኞ ጀምሮ ማጠቢያው ላይ ትሥራ ተባለ። ማጠቢያ የጀማሪ ቦታ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው እዚያ ሲቆም ቂጡን ተጠብጥቦ ጥግ እንደቆመ ተማሪ ነው። ልትለቅ አሰበች። ማክሰኞ ላይ ግን አንድ ነገር ገባት፤ እዚህ ቤት የገባ ራስ ሁሉ መጀመሪያ በሷ እጅ ያልፋል።

ደንበኛዋ ተንጋላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለብ ያለ ውሃ ሲወርድላት ያልሰማችውን ትሰማለች። «ሲያጠብቁብሽ ላላ አድርጊልኝ በይ። አፍ የሰጠሽ ለምን መሰለሽ?» ትላታለች። ሁለት ወር አልሞላም፣ ከየወንበሩ «ላላ አድርጊልኝ፣ ላላ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። አንዷ ደንበኛማ «ውሃውን መጀመሪያ፣ ዘይቱን ኋላ» ብላ ማዳምን ራሳቸውን አረመቻቸው።

በዚያ ሰሞን አክስት መጣች። ሻሿን እንደጠመጠመች ማጠቢያው ፊት ቆማ፦

«ሰው ማን እንዲህ አደረገሽ ሲልሽ የኔን ስም ነው አሉ የምትጠሪው።»

«የማንንም ስም አልጠራም፣ አክስቴ። ግን አልደብቀውም። ብታኮርፊኝም አልደብቀውም።»

አክስት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሻሿን ፈታች። ሹሩባ ሠሪዋ በዕድሜዋ ሙሉ የአክስቷን ግንባር ገልጣ አይታው አታውቅም፤ ግራና ቀኙ ከሷም የባሰ ነበር።

«እኔንም እናቴ ናት» አለች አክስት። «በይ እጠቢኝ።»

አጠበቻት። ቀስ አድርጋ፣ በጣቷ ሥጋ እንጂ በጥፍሯ ሳይሆን። አክስት ስትወጣ ሻሿን መልሳ ጠመጠመች፤ በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ ነው የምገልጠው አለች። የእህቷ ልጅም አልተሟገተቻትም።

በመጨረሻ ማዳም መጡ። «ደንበኛ ሁሉ አንቺን ነው የሚጠይቀው። ወንበርሽን ውሰጂ» አሉ።

«እወስዳለሁ። ግን የቆሰለ ራስ በማንኛችንም እጅ እንዳይሠራ ይዘዙ። በአፍ ሳይሆን ተጽፎ፣ በሩ ላይ።»

«ላስብበት።»

«ያስቡበት። እኔ ማጠቢያው ጋ ነኝ።»

እስካሁን እዚያው ናት። ሌሎቹ ሁለት ሠራተኞች ግን የሚያጠራጥር ራስ ሲገጥማቸው፣ ማዳም ዞር ባሉበት፣ «እስቲ እዪልኝ» እያሉ ወደሷ ይልካሉ። ማዳምም ይኸው አራተኛ ወራቸው፣ እያሰቡበት ነው።