በላስቲክ የታሸገው ደብዳቤ

ሴትዮዋ ሰኞ ሰኞ ከቀዳማይ ወያነ ሰፈር በእግሯ ትመጣና የሰብአዊ መብት ቢሮው ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ቁጭ ትላለች። በቀሚሷ ላይ የወንድ ጃኬት ደርባ፣ በዚያ ሙቀት እስከ አንገቷ ትቆልፈዋለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል። የመዝገብ ሠራተኛዋ ሒክማ የማን ጃኬት እንደሆነ ጠይቃት አታውቅም።

ዛሬ ከጃኬቱ ኪስ ባለፈው ሰኞ የተሰጣትን ደብዳቤ አወጣች። ያለ ፍርድ ሁለት ዓመት የታሰረው ልጇ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ቢሮው የጻፈው ነው። ዝናብ እንዳያበላሸው ብላ፣ ለእስር ቤቱ ሳታደርሰው በፊት ፎቶ ቤት ወስዳ በላስቲክ አሳሸገችው። እስር ቤቱ ደግሞ ላስቲኩን አይተው "የመቀበያ ማኅተም አይይዝም" ብለው መለሷት።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጓለይ" አለች ሒክማን እንደ ልጇ ጠርታ፣ ላስቲኩን በእጅጌዋ እየወለወለች። "ባላሳሽገው ልጄ ይሄኔ ቤቱ ነበር።"

ሒክማ ማኅተም ያረፈበት ስንት ደብዳቤ አይታለች። የቢሮው ደብዳቤ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ያልፈለገ የእስር ቤት አለቃ መሳቢያው ውስጥ ይከተዋል፣ ቢሮውም ሌላ ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር አቅም የለውም። ይህን ልትነግራት አፏን ከፈተች። የሴትዮዋ ዓይን ከንፈሯ ላይ ተተክሎ ይጠብቃል።

አዲስ ቅጂ አትማ ሰጠቻት።

"ይቺን እንኳ አያሳሽጓት፣ አደይ" አለቻት።