ጉም ውስጥ የጮኸ ጅራፍ

ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት ገብቶ የመንዝ ጉም እስከ ደጃፋችን ሲወርድ፣ የአባቴ ታላቅ እህት እማሆይ ወለተ ማርያም የበግ ፀጉር እየፈተሉ ተረት ያወሩልን ነበር። ያኔ ጣሊያን ከአገር ከወጣ ብዙም አልቆየም። ኩበቱ በእርጥበት ምክንያት ቶሎ አይያያዝም፤ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ኩራዙ የእንዝርታቸውን ጥላ ግድግዳው ላይ እያሾረው፣ እኔና እህቶቼ አንድ ባና ተከናንበን እናዳምጣለን። የጦጣንና የቀበሮን ተረት ሲያወሩ እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። አንዱን ግን ሳይስቁ ነበር የሚያወሩት። እሱን ሊጀምሩ ሲሉ እንዝርቱን ያስቀምጣሉ።

«አንድ ምሽግ ነበር» ይላሉ።

ምሽጉን ጣሊያን የሠራው ከቀያችን ፊት ለፊት፣ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ቁልቁል በሚያየው ሸንተረር ላይ ነው። በድንጋይ የተካበ፣ በሽቦ የታጠረ፣ መድፍና መትረየስ የነበረው ነው። ፀሐይ በወጣች ቀን ከዚያ የማይታይ ጎጆ አልነበረም። አርበኞቹ ጥቂት ነበሩ፤ ጠመንጃቸው አሮጌ ነው፣ ሲባረሩም ገደል ይገባሉ። ምሽጉን ደፍሮ የሚጠጋ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ነሐሴ ገባ። በእኛ አገር ቡሄ ሲቃረብ ልጆች ጅራፍ ገምደው ያጮሃሉ፤ በደብረ ታቦር ለተሰማው ድምፅ መታሰቢያ ነው ይባላል። ጣሊያን ኖረም አልኖረም ቡሄ ቡሄ ነውና ልጆቹን ተዉ ያላቸው የለም። ጉሙ ቀኑን ሙሉ እንደተኛ ሳለ አንድ ልጅ ከወዲህ ማዶ ጅራፉን አጮኸ። ከወዲያ ማዶ ሌላው መለሰለት። ገደሉም ድምፁን ተቀብሎ አበዛው። ምሽጉ ውስጥ ያሉት ልማዱን አያውቁም፤ ለእነሱ ተኩስ ነው። ተከበብን ብለው ጉሙን ይተኩሱበት ጀመር።

«ጉም ይመታል እንዴ፣ እማሆይ?» አልኳቸው አንድ ምሽት፣ እህቶቼን ላስቅ ብዬ።

«ጉም አይመታም፣ ልጄ። ጉም ውስጥ ያለ ሰው ግን ይመታል።»

ከመድፉ ጥይት አንዱ ከወዲህ ማዶ ወደቀ። የልጁ ጅራፍ ዝም አለ። እዚህ ላይ እማሆይ ነጠላቸውን ሰብስበው ጆሯቸው ላይ ይጫኑታል። «አንድ ልጅ ሞተ» ይላሉ ቀስ ብለው። ስሙን ጠርተውት አያውቁም። ልጁ አንድ ለእናቱ፣ የእሳቸው ልጅ እንደነበረ፣ የመነኮሱትም ከዚያ ወዲያ መሆኑን የነገረችን እናታችን ናት፤ እሳቸው ከወጡ በኋላ፣ በሹክሹክታ።

በማግስቱ ጅራፍ የያዙት ልጆች ብቻ አልነበሩም። አባቶችም፣ ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ፣ ያዙ። ቡሄ አልፎም አላቆሙም። ድምፅ በተሰማ ቁጥር ምሽጉ ይተኩሳል፤ በተኮሰ ቁጥር ደግሞ እስከዚያ ቀን ገብሱን ከማረም በቀር ሌላ ሐሳብ ያልነበረው ገበሬ ቤቱን ዘግቶ ወደ አርበኞቹ ይወርዳል። ወታደሮቹ ውሃ ሊቀዱ ወደ ምንጩ መውረድ ፈሩ። እንቅልፍ አጡ። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል እንዲሉ፣ ራሳቸው ተኩሰው ራሳቸው ይደነግጣሉ» ይሉ ነበር እማሆይ። መስከረም ጠብቶ ጉሙ ሲገለጥ ምሽጉ ባዶውን ተገኘ።

ተረቱ እዚህ ሲደርስ እህቶቼን እልል ሊሉ ይቃጣቸዋል።

«ተዉ፣ እልል አትበሉ!» ይቆጣሉ እማሆይ። «እነዚያም እናት ነበራቸው። መድፍ ይዞ እንደፈራ ሰው የሚያስፈራ ነገር የለም።»

ያኔ አባባላቸው አልገባኝም። ፍርሃቱ ግን ገባኝ፤ በዚያ ምሽት ለሽንት እንኳ ብቻዬን ደጅ አልወጣሁም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ሀብታሙ ነው። ወታደር ሆኖ ወደ ሶማሊያ ከዘመተው ጦር ጋር ሄደ። ጥቂት ሳይቆይ ሬዲዮ የአገሩ ትልቁ ከተማ ተያዘ አለ። ጎረቤቴ ግዛው እየሳቀ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ድል ተነግሮ ለቅሶ የደረሰ ትመስላለህ! ታንክ እኮ ነው የያዙት። ማን ፊታቸው ይቆማል?»

«ፊታቸው የሚቆም ባይኖርስ?» አልኩት።

«ታዲያ ሌላ ምን ትፈልጋለህ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ነገሩን ማስረዳት ፈርቼ ሌላ ወሬ አነሳሁ።

ሀብታሙ መጀመሪያ ሲደውል በገበያ ቀን ዘመሮ ከተማ ወርጄ ከአንድ ሱቅ ስልክ አነጋገርኩት። «ሁሉን ይዘናል፣ አባባ፤ አይስጉ» አለኝ፣ ድምፁ ሞቅ ብሎ። ነሐሴ ላይ ሲደውል ግን ያ ሙቀት አልነበረም።

«ጀምበር ስትጠልቅ ከየሰፈሩ ድምፅ ይሰማል፣ አባባ። እንተኩሳለን።»

«ማንን?»

«አይታይም እኮ» አለኝ።

ምክር ልሰጠው አፌን ከፈትኩ። አትተኩስ ብዬ ብመክረው ልጄን ይገድሉብኝ ይሆናል። ተኩስ ብዬ ብመክረውስ? እዚያም ማዶ፣ እንደ እማሆይ አንድ ልጅ ያላት እናት አትጠፋም። «ማርያም ትጠብቅህ» ብቻ አልኩት፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ከዘመሮ ስመለስ ጉሙ ወርዶ ነበር። የመንደሩ ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ያጮሃሉ። በጮኸ ቁጥር ቆም እያልኩ ሄድኩ፤ ሳላውቀው ጋቢዬን ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ነበር።

ይህን ስጽፍ ሀብታሙ አልተመለሰም። ስለ ጦርነት የማውቀው ከእማሆይ ተረት የቀረኝን ያህል ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት የለኝም። ያኔ ተረቱን ስሰማ ሁልጊዜ ራሴን የማገኘው ጅራፍ ከያዘው ልጅ ጎን፣ ጉሙ ውስጥ ነበር። ዛሬ ግን ከምሽጉ ውስጥ ሆኖ የሚያዳምጠው የእኔው ልጅ ነው።